መዳፌና የብርሃን ወረንጦው

እጄ መደንዘዝ የጀመረው ከትንሿ ጣት ነው። ሐኪሙ ስኳር ነው አለ። እኔ ጣቶቼ ከእኔ ዘግይተው ጡረታ የወጡ መስሎኝ ዝም አልኳቸው። ትንሿን ሌሎቹ ተከተሏት፤ ግራ እጄ ሙሉ በሙሉ፣ ቀኝ እጄ ግማሽ በግማሽ። አሁን ሻይ ሲፋጅ አላውቅም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ የሆነው ባለሱቅ አንድ ቀን ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቆ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቆዳህ ሸተተ እኮ! አቦ፣ ተው!" ብሎኛል። አልሸተተም። እሱ ሳያጋንን የተናገረው ነገር ስለሌለ ግማሹን ቀንሼ ነው የምሰማው።

ካቻምና ሚስቴ ስትሞት የቀረው አካላቴም ጣቶቼን ተከተለ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ስለ ድንኳኑ ገመድ ነበር። አንደኛው ላልቷል፤ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የወጠረው እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ እሱኑ አየሁ። ሰዉ "እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው" አለ። ጥንካሬ አልነበረም። ምንም አልነበረም። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ የሰራሁት ጥፋት ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

አሮጌው ባቡር እስኪቆም ድረስ በድሬዳዋው ወርክሾፕ የፉርጎ ሞላ ፈታሽ ነበርኩ። ፈታሽ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሞላውን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ መጫን፣ መርፌው የቆመበትን ቁጥር መጻፍ፣ ደህና ከሆነ በኖራ ምልክት ማድረግ፣ ጉልበቱን ከጨረሰ ወደ ውድቅ ክምር መወርወር ነው። ዝንጀሮም ቢያሰለጥኑት ይሰራዋል፤ ዝንጀሮ ግን ያን ያህል ዘመን አንድ ቦታ አይቀመጥም።

ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የሚስቅበት አንድ ልማድ ነበረን። ሞላ ሲጫን ፈታሹ ግራ መዳፉን የማሽኑ ብረት ላይ ዘርግቶ ያስቀምጣል። መርፌ ይዋሻል። ሞላው ከመቀመጫው በጥቂቱ ቢንሸራተት ቁጥሩ ደህና ይመስላል፤ መዳፍ ግን ታውቃለች። የገባሁ ቀን አለቃችን እጄን ይዞ ብረቱ ላይ ለጠፈውና "ከዚህ እንዳይነሳ" አለኝ። አልተነሳም። ቤቴ ምሳ ስበላ እንኳ ግራ እጄ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ሚስቴ "ጠረጴዛው አይሸሽም፣ ልቀቀው" ትለኛለች። ለቅቄው ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ ይመለሳል።

ልጄ ፊዚክስ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እዚሁ ድሬዳዋ። ምን እንደምታጠና ስጠይቃት፣

"ዲኤንኤ እጎትታለሁ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"አባዬ!"

"አይ፣ እኔም በሙያው ስለነበርኩ ነው።"

ከዚያ አስረዳችኝ። በሰው አካል፣ በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ የተጠቀለለ ክር አለ፤ ዓይናችን ከማን እንደመጣ፣ መላጣችን ከማን እንደመጣ የተጻፈበት። በዚህ ክር ላይ የሚሄዱ ሞተሮች አሉ፤ ክሩን የሚከፍቱ፣ የሚገለብጡ፣ የሚጠግኑ። ብረት የላቸውም፤ ነዳጅ ግን ይበላሉ፣ ይገፋሉ፣ ይስባሉ። የመምህሯ ትልቅ ሐሳብ የእነዚህን ሞተሮች ጉልበት መለካት ነው። ሞተሩን ለመለካት ደግሞ አስቀድሞ ክሩ ራሱ ሲወጠር ምን እንደሚሆን መታወቅ አለበት። የልጄ ድርሻ ይኸው ነበር፤ ክሩን ይዞ መወጠር፣ መልሶ ማላላት፣ በየደረጃው ስንት ጉልበት እንደጠየቀ መመዝገብ።

"ሞላ መፈተሽ ነዋ" አልኳት።

ትንሽ አሰበችና "አዎ፣ ሞላ መፈተሽ ነው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ከሳይንቲስቶች ቆጠርኩ። የከለከለኝ የለም።

ክሩ የሚያዘው በሁለት ዶቃ ነው። ዶቃ ብላችሁ የአንገት ጌጥ እንዳይመጣባችሁ፤ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም። አንዱ ጫፍ ላይ አንድ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሌላ። አንደኛውን ዶቃ ቀጭን የመስታወት ቱቦ መጦ ይይዘዋል። ሁለተኛውን የሚይዘው ሌዘር ነው፤ ብርሃኑ አንዲት ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ ዶቃው እዚያው ይቀራል። የብርሃን ወረንጦ ይሉታል። ብርሃን ዕቃ ይይዛል ስትለኝ፣ የድሬ ፀሐይ ስንት ዓመት አንድ ጥላ ሥር ይዛ እንዳስቀመጠችኝ አስታውሼ አመንኳት።

ጉልበቱ የሚለካው ፒኮኒውተን በሚሉት ነው። "ምን ያህላል?" አልኳት።

"ትንኝ እጅህ ላይ ስታርፍ የምትከብደውን ውሰድና ብዙ ሚሊዮን ቦታ ቁረጠው።"

"ትንኟ ራሷ ሙሉዋን ብታርፍስ መች አውቃለሁ።"

አልሳቀችም። በዚያ ሰሞን ብዙም አትስቅም ነበር። ክሩ የተዘጋጀው ውጭ አገር ነው፤ የጣት ጫፍ በምታህል አንዲት ቱቦ መጣ፣ ሌላ የለም። ለመመረቅ የሚያስፈልጋት አንድ ንጹህ መስመር ነበር፤ ክሩ ሲወጠርና ሲመለስ ጉልበቱን የሚያሳይ፣ ስክሪን ላይ የሚሳል አንድ መስመር። ቱቦዋ ባዶ ሳትሆን ካላገኘችው ጥናቱ ይቀርና ሌላ ርዕስ ይዛ ከመጀመሪያው ትነሳለች። እናቷን ስታስታምም አንድ ዓመት አቋርጣለች። ሁለተኛ ማቋረጥ እንደማይፈቀድላት መምህሯ ቁርጡን ነግራታለች።

ማሽኑ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ነው፤ በአየር የሚንሳፈፈው ጠረጴዛው ግን አብሮ አልመጣም። እንዲህ ያለ ልኬት ደግሞ መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር አይወድም። እዚህ ላይ የእኔ ተራ ደረሰ። የሚስቴን ሐውልት የሰራልን ድንጋይ ጠራቢ ጓሮ ውስጥ ጠርዙ የተሸረፈ ወፍራም የእብነ በረድ ጠፍጣፋ አይቼ ነበር። ለማን ታስቦ እንደነበር አልጠየቅኩም፤ ሰውየው እስካሁን በሕይወት ካለ ደስ ይበለው። ከሥሩ አራት የሚኒባስ ጎማ ከመነዳሪ ግማሽ በግማሽ ነፍተን ደረደርን። ማሽኑን ስናስቀምጥበት ጠፍጣፋው ድንጋይ ባሕር ላይ እንዳለ ጀልባ ተንሳፈፈ። ከደጅ መኪና ቢያልፍ ላይኛው አይሰማውም። መምህሯ አይታው "ይገርማል" አለች። እኔም እንደሚገርም ስለማውቅ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

የላቦራቶሪዋ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ልጄን የሚረዳ ሰው ጠፋ። እኔ ገባሁ። ሥራዬ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የውሃ ጠርሙስ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበር። ከጠርሙሱ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ዶቃዎቹንና ክሩን ወደ ማይክሮስኮፑ ያመጣል፤ ከፍ ሲል ውሃው ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል፣ "ያዝ" ስትል መያዝ ነው።

ሥራውን ለምጄዋለሁ። ሆስፒታል የጉሉኮስ መስቀያው ተሰብሮ ሚስቴ አልጋ አጠገብ ጠርሙሱን በቀኝ እጄ ይዤ ብዙ ቆሜያለሁ፤ ግራዬ አልጋው ላይ፣ ቀኜ አየር ላይ። የመጨረሻው ቀን ነርሷ መጥታ "አባባ፣ አሁን ማውረድ ይችላሉ" አለችኝ። ለምን እንዳለችኝ የገባኝ ካወረድኩት በኋላ ነው።

ልኬቱን የምንሠራው ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ይተኛል፣ ያልተኛውም ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይሳሳል። ከተማው ሳያውቀው ለሳይንስ ጸጥ ይላል ማለት ነው። መብራት እናጠፋለን፣ መጋረጃ እንጋርዳለን፤ ልጄ ስክሪኑ ፊት፣ እኔ ከድንጋዩ ጎን ጠርሙሴ ሥር። የመጀመሪያው ቀን ገና ሳንጀምር፣

"አባዬ፣ ድንጋዩን እንዳትነካ" አለችኝ።

"ምን ቆርጦኝ።"

የመጀመሪያውን ክር ያዘች። መስመሩ ተነሳ፤ ሲነሳ ግን እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ማግስቱን ማራገቢያውን አጠፋን፤ ላባችን ጫማችን ውስጥ ገባ፣ መስመሩ ግን ተወዛወዘ። በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዣውን ነቅለን ቱቦዋን በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ውስጥ አስቀመጥናት። ተወዛወዘ። ከመንገዱ ማዶ የመስኮት ብረት የሚበይድ ልጅ እግር ሰውዬ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የማይተኛ ብቸኛው የድሬዳዋ ሰው እሱ ነው። ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ያለ ምስክር ፈረድኩ። ሦስት ቋንቋ ስለሚችልና አፉ ስለማይዝል ባለሱቁን ይዤ ሄድኩ።

"ዋርያ፣" አለው ባለሱቁ፣ "ሁለት ቀን ብቻ ከሰባት ሰዓት በኋላ አትቀጥቅጥ። እዚያ ማዶ ክር እየጎተቱ ነው።"

"የምን ክር?"

"የሰው ክር። ወላሂ ሳይንስ ነው።"

"ስንት ሆነው ነው የሚጎትቱት?"

"ይሄ ሽማግሌና ልጁ።"

በያጁ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ታዲያ ይበጠስባቸዋል ብላችሁ ነው? እሱ ከሆነ የሚጎትተው ክሩ ምንም አይሆንም።"

ባለሱቁ እዚያው መንገድ ላይ በሳቅ ተንከተከተ። በያጁ ግን ሰው ነው፤ በማግስቱ ከሰዓት ሥራውን ዘግቶ ተኛልን። ከተማው ውስጥ የሚነቃነቅ ነገር አልቀረም። መስመሩ ተወዛወዘ።

በዚያ በአራተኛው ቀን ልጄ ቱቦዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየች። "የቀረው ለአንድ ጊዜ ነው" አለች። አላለቀሰችም። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከተተች፤ እናቷ እንደዚያ ነበር የምትቀመጠው። ማዘን ነበረብኝ። ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ልክ ሻዩ እንደሚፋጅ እጄ ሳይሰማው እንደማውቀው።

የመጨረሻውን ከመንካቷ በፊት ያለ ክር፣ ባዶ ዶቃ ብቻ በብርሃኑ ይዛ መወዛወዙን ማየት ፈለገች። እኔ ጠርሙሴን ያዝኩ። ስክሪኑን ታያለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

"አባዬ፣ አሁን ምን አደረግክ?"

"ምንም።"

"የሆነ ነገር አድርገሃል። ቆመ እኮ። አሁን ደግሞ ጀመረ።"

"አፍንጫዬን አከክኩ፤ እሱም ተከለከለ?"

"በየትኛው እጅህ?"

ቀኙ ጠርሙስ ይዟል። አሰብኩ። "በግራዬ መሆን አለበት።"

"እከከው እስቲ እንደገና።"

አከክኩ። "ቆመ" አለች። "አሁን ወደነበረበት መልሰው።" ወደየት እንደነበረ አላውቅም ልላት ስል እጄ ራሱ ያውቅ ነበርና ተመለሰ። ልጄ የስልኳን መብራት አብርታ ዞራ መጣች። ግራ መዳፌ አምስቱንም ጣት ዘርግቶ እብነ በረዱ ላይ ተኝቷል። የሌላ ሰው እጅ እንደማይ አየሁት። ድንጋዩ ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም።

"ማን አስቀመጠው?" አልኩ።

"አልነካም ብለኸኝ ነበር።"

"አልነካሁምም። እሱ ነው የነካው።"

መኪና እንዳይሰማው አድርጌ ያንሳፈፍኩት ድንጋይ የአንድ ሽማግሌ እጅ ይሰማው ነበር፤ ጀልባ ከባሕሩ ዳር የሚመጣውን ባይሰማ ውስጡ የተቀመጠውን ይሰማል። እጅህን እዚያው ተወው አለችኝ። ከዚያ ቀኝ እጄን ከጠርሙሱ አላቃ የእጄን አንጓ ያዘች፤ የደም ሥሬን በጣቶቿ እየዳሰሰች በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን ታያለች። መስመሩ ሲነሳ ጣቷ ጠበቅ ይላል፣ ሲወርድ ላላ ይላል።

"ልብህ ነው" አለች። "አየኸው? እያንዳንዷ እብጠት አንድ ምት ናት።"

አየሁት። ታች ላይ፣ ላይ ታች፣ የማንም ጉዳይ ያልሆነ ይመስል። በመሃል አንዷ ቀርታ ቀጣይዋ ከፍ ብላ መጣች።

"ይቺስ ምንድን ናት?" አለች።

"እሷ እንኳ ደክሟት ነው።"

"ለሐኪሙ ታሳየዋለህ።"

"እሺ።"

"አራት ቀን ሙሉ የአንተን ልብ ስለካ ነበር፣ አባዬ። ክሬን በሙሉ በዚህ ነው የጨረስኩት።"

ኀፍረቱን ፈለግኩት፤ በቦታው አላገኘሁትም። ያገኘሁት ቀልድ ብቻ ነው። "ቢያንስ እንዳለ ተረጋገጠ" አልኩ።

ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አልቆም አላትና ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። መጨረሻው ሳቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ። እጄን ከድንጋዩ አንስቼ ትከሻዋ ላይ አደረግኩት። ምን ያህል እንደከበዳት አላውቅም፤ ዞር አላለችም።

የመጨረሻውን ክር ስናስገባ ግራ እጄን አላመንኩትም። አንገቴ ላይ ያለውን ፎጣ ሰጥቻት ክንዴን ከቀበቶዬ ጋር አሰረችው። "ጠበቅ አድርጊው፣ ይሄ እጅ የቆየ ሌባ ነው" አልኳት። አጠበቀችው። ወደ ጠርሙሴ ተመለስኩ። ውሃው ወረደ። አንደኛው ዶቃ መጣ፣ ሁለተኛው መጣ። "ያዝ" አለች። ያዝኩ። እስትንፋሴንም ያዝኩ፤ ይህን ያዘዘኝ የለም።

መስመሩ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሄደ፤ የተጠቀለለ ክር ሲዘረጋ ብዙም አይከራከርም። ከዚያ ቀና አለና እንደ ግድግዳ ወጣ። ቀጥ ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ አንድም እብጠት የሌለው። ስልሳ አምስት ፒኮኒውተን ገደማ ሲደርስ በድንገት ሜዳ ሆኖ ተጋደመ። ክሩ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ጉልበቱ ግን አይጨምርም። በእኛ ወርክሾፕ እንዲህ ያደረገ ሞላ አለቀለት ነው፤ እጅ ሰጥቷል። አፌ ቀደመኝና፣

"ውድቅ!" አልኩ።

"ቆይ እንጂ።"

ማላላት ጀመረች። መስመሩ በሜዳው ተመለሰ፣ በግድግዳው ወረደ፣ ወለሉ ላይ ተኛ። የወጣበትን መንገድ ይዞ ነው የወረደው። ደገመችው፤ ደገመው። ሦስተኛውን እየመለሰች ሳለ ክሩ ከዶቃው ተላቀቀና ስክሪኑ ላይ ዶቃው ብቻውን ቀረ።

"አለቀ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ የእኔ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያመንኩት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ፣ "ሁለት ሙሉ መስመር፣ አባዬ። አንድ ነበር የሚበቃኝ" አለች።

እጄን ስትፈታልኝ ስለ ሞተሩ ጠየቅኳት፤ ክሩ እንዲህ ከሆነ በላዩ የሚሄደውስ?

"እሱ የሚቀጥለው ተማሪ ሥራ ነው። ግን ሌሎች ለክተውታል። ወደ ኋላ ስትጎትተው እየዘገመ ይሄዳል፣ ጭነቱ ሲበዛበት ይቆማል።"

"ይወድቃል?"

"ብዙውን ጊዜ አይወድቅም። ክሩን እንደያዘ ይቆማል።"

"ጡረታ ወጥቷል በይኛ።"

"አይደለም። ጭነቱን ስትቀንስለት ካቆመበት ይቀጥላል።"

"ስንት ጊዜ ቆሞ?"

ፎጣዬን አጣጥፋ ትከሻዬ ላይ አኖረችልኝ። "እንደ ሞተሩ ነው" አለች።

ጽሑፏን ተቀበሏት፤ ተመረቀች። በጽሑፉ ውስጥ ልኬቱን ያወኩ ነገሮች የተዘረዘሩበት አንድ ገጽ አለ፤ አነበበችልኝ። ማራገቢያው አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ፣ ከዚያ "ረዳቱ በጠረጴዛው ላይ ባሳረፈው እጅ በኩል የተላለፈ የልብ ምት" ይላል፤ ከነሥዕሉ። አርባ ዓመት ገደማ ለምድር ባቡር ስሠራ የትም አልተጻፍኩም፤ ሳይንስ ውስጥ ከማራገቢያና ከማቀዝቀዣ ቀጥሎ ገባሁ። ፈታኞቹ ስለ ንጹሁ መስመር ብዙም አልጠየቋትም አሉ። አንደኛው ግን የእኔን ሥዕል ከፍቶ፣ "ረዳቱ ታመው ነበር?" ብሏታል።

"አይ፣ አባቴ ናቸው" አለች። ይህ ለጥያቄው መልስ አልነበረም፤ ግን አለፉት።

ሐኪሙም አየኝ። የምትዘለዋን ምት አወቃት፣ ኪኒን ሰጠኝ፣ እዋጣለሁ።

ትናንት ከሰዓት ቤቴ በረንዳ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ሳቢያን ተኝቷል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ጠረጴዛው ላይ በማኖር ፈንታ ግራ መዳፌ ላይ አቆምኩት፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ሥራ ፈትቼ ነው። የብርጭቆው ቅዝቃዜ አልተሰማኝም፣ ክብደቱም እምብዛም። ከላይ ሆኜ ውሃውን አየሁት። ዳር ዳሩ በቀስታ ይንቀጠቀጣል። ባጃጅ ነው አልኩ፤ እውነትም በመንገዱ ባጃጅ እያለፈ ነበር። እስኪያልፍ ጠበቅኩ። አለፈ። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ውሃው ግን አልተወም፤ አንዴ፣ አንዴ፣ አንዴ፣ አንዷን ዘለላት፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ።

ጥቂት አየሁትና ጠጣሁት።